የጨርቅ መቁረጫ ማሽን፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የተሰጠውን ሥዕል ተከትሎ ቅርጽ በራሱ ስለሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ማሽን በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ሁሉንም እዚሁ እመልሳለሁ። ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ክሪከት ሜከርና ሲሉዌት ካሜኦ የሚባሉትን ማሽኖች እጠቀማለሁ፤ የወንድሜ ማስታወቂያ ቤት ባለው የቻይና ፕሎተርም፣ ማለት ስቲከር በሚቆርጠው ማሽን፣ እሠራለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ የምትቆርጡት ጨርቅ ምን ዓይነት ነው፣ ትልቁ ቁራጭ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ኢንተርኔት ታገኛላችሁ ወይ። እነዚህን ሳላውቅ ማሽን መምረጥ አልችልም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ እትዬ፣ የትኛው ማሽን ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ከላይ የጻፍኩትን አንብቢና ተመለሺ።

ጥያቄ (ልብስ ሰፊ፣ ሰኞ ገበያ)፦ እትዬ እንደምን አረፈዱ። በልጆች ቀሚስና በአልጋ ልብስ ላይ የምሰፋው የአበባና የቢራቢሮ ቅርጽ ነው፤ ጨርቁ ፖፕሊንና አቡጀዲ፣ ትልቁ 20 ሳንቲ ሜትር። ክሪከት ኤክስፕሎር ይበቃኛል ወይስ ሜከር ልግዛ? ሻጩ ሁለቱም ጨርቅ ይቆርጣሉ ይላል።

መልስ፦ እሰይ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ሻጩ አልዋሸም፤ ግን ሙሉውን አልነገረሽም። የኤክስፕሎር ምላጭ በሹል ጫፉ እየተጎተተ ነው የሚቆርጠው። ወረቀትና ስቲከር ይህን ይችሉታል። ጨርቅ ግን የተሸመነ ክር ነው፤ ሲጎተት ይሸሻል፣ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ይተረተራል። ስለዚህ በኤክስፕሎር ጨርቅ ለመቁረጥ ጀርባው ላይ በካውያ የሚጣበቀውን ሙጫ ያለበት ስስ ጨርቅ መለጠፍ ግድ ነው። ሜከር ደግሞ ክብ ምላጭ ይቀበላል። ክቡ ምላጭ ከላይ ተጭኖ እየተንከባለለ ስለሚሄድ ጀርባው ምንም ያልተለጠፈበትን ፖፕሊን ጥርት አድርጎ ይቆርጠዋል። የመጫን ኃይላቸውም አይቀራረብም፤ ኤክስፕሎር ወደ 400 ግራም፣ ሜከር እስከ 4 ኪሎ ግራም ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ። አንቺ ቅርጹን ሌላ ጨርቅ ላይ ደርበሽ ነው የምትሰፊው። ለዚህ ሥራ ሙጫውን በማንኛውም መንገድ መለጠፍሽ አይቀርም፤ ካልለጠፍሽ ዙሪያውን ስትሰፊ ጠርዙ ይበተንብሻል። ሙጫው ካለ ደግሞ ኤክስፕሎር ይበቃል። እንዲያውም ለቢራቢሮ ቀንድ የሚጎተተው ምላጭ ይሻላል፤ ክቡ ምላጭ ከ19 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቅርጽ ላይ መታጠፍ አይችልም። ሜከር የሚያስፈልግሽ ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠምሽ ብርድ ልብስ የምትሰፊ ከሆነ ነው፤ እዚያ ሙጫ ያደርቀዋል፣ ስፌቱም አይተኛም።

ጨርቁን ሳታጥቢና ሳትተኩሺ አታስገቢ። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ቆርጠሽ ከሰፋሽው ደንበኛሽ መጀመሪያ ባጠበችው ቀን አበባው ተኮማትሮ ቀሚሱን ይስበዋል። ከዚያም ዋናውን ከመቁረጥሽ በፊት ከዚያው ጨርቅ ብጣሽ ላይ ትንሽ ክብ ሞክሪ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ዋጋቸው ስንት ነው? የት ይገኛል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም፤ ዛሬ የጻፍኩት ከወር በኋላ ሰው ያጣላል። ሻጭም አልጠቁምም።

ጥያቄ (የማኅበር አባል፣ ሐይቅ)፦ ተደራጅተን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንሰፋለን። ጨርቁ ቴትሮን ነው፣ ብዛቱ ከ200 በላይ። ማሽኑ ያቀልልናል?

መልስ፦ አያቀልላችሁም፤ አትግዙ። ማቱ፣ ማለት ጨርቁ የሚለጠፍበት ምንጣፍ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ረጅሙ ቢሆን 30 በ60። የአንድ ተማሪ ሱሪ አይችልም። የሚቆርጠውም አንድ ንጣፍ ብቻ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ቴትሮኑ ተደራርቦ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ፣ በላዩ ፓተርኑ ተሥሎ፣ በእጅ እየተገፋ የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ ቢላ ነው። ክብ ምላጭ ያለው ለጥቂት ድርብ ይሆናል፤ ጠመዝማዛ ላይ ግን የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ እኩል አይወጣለትም። ቀጥ ያለ ምላጭ ያለው፣ ላይ ታች የሚመላለሰው፣ ወፍራም ድርብ ይችላል። ጨርቁን የሚይዘው እጅ ላይ የብረት ጓንት ይጠለቅ። ያለ ጓንት እንዳትነኩት።

የቀድሞ ልብስ ሰፊ (ቧንቧ ውሃ)፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቴትሮን ደራርቤ በመቀስ ነው የቆረጥኩት። ለምን ገንዘባቸውን ያወጣሉ? ጥሩ መቀስና ጥሩ ሞራጅ ይበቃል።

የማኅበር አባል (ሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ሦስት ሴቶች ነን። ጣታችን አብጦ መርፌ መያዝ አቃተን።

የቀድሞ ልብስ ሰፊ፦ መቀሱ ዶሎዱሞ ነው እንጂ ጣት አያብጥም። የት ነው የምታስሞርዱት?

ሌላ (ሐይቅ)፦ ሞራጅ ፍለጋ ደሴ ድረስ ነው የምንሄደው። እዚህ ያለው የቢላ እንጂ የመቀስ አያውቅም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ለጥቂት ድርብ መቀስ ይበቃል ያሉት ልክ ነው። 200 ዩኒፎርም ግን ሌላ ነው። የመቀስ ሞራጅን ነገር በኋላ ተነጋገሩበት፤ ወደ ማሽኑ እንመለስ።

ጥያቄ (ሸማ ነጋዴ፣ ደሴ)፦ የሀገር ልብስ፣ ሸማና ነጠላ፣ በዚህ ማሽን ይቆረጣል? ቅርጽ አውጥቼ በዘመናዊ ቀሚስ ላይ ልደርበው ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሸማ ይቆረጣል፤ ግን እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ብታስቢው ታበላሺዋለሽ። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ አንድ አይደለም፤ ሽመናውም ልል ነው። ምላጩ ሲነካው ድሩ ወደ አንድ ወገን፣ ማጉ ወደ ሌላ ይሸሻል፤ ክብ ያልሽው እንቁላል ሆኖ ይወጣል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፤ ሳልጠመዝዝ በጥላ አደርቃለሁ። ስታርች ነፍቼ፣ ድሩ ቀጥ እስኪል በእጄ እየሳብኩ እተኩሳለሁ። ከዚያ ሙጫውን ጀርባው ላይ እለጥፋለሁ። እዚህ ተጠንቀቂ፤ ሸማ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሙጫው ሾልኮ ካውያውን ይይዘዋል። ከላይም ከታችም የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጊ። ካውያውን አትግፊው፤ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ አንሺ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ውሰጂ። ከገፋሽው ድሩ ይጠማል፤ አንዴ ሙጫ ከያዘው ደግሞ አይቃናም። እስኪቀዘቅዝ ሳትነኪው ቆዪ። ማቱ ላይ ስታሳርፊው ድሩን ከማቱ መስመር ጋር አስተካክይ፤ ቅርጹ ላይ መስቀል ወይም ቀጥ ያለ መስመር ካለ ጥመቱ ከሩቅ ይታያል። ምላጩ የሚጎተተው ይሁን፣ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ አንድ ጊዜ በኃይል ከመቁረጥ ሁለት ጊዜ በቀስታ ይሻላል።

ነጠላን ተዪው። በጣም ስስ ነው፤ ሙጫ ሲያርፍበት ነጠላነቱ ይቀራል፣ ወረቀት ይሆናል። ጥለቱንም አትቁረጪ። የጥለቱ ክር ከሽመናው ጋር የተያዘ ነው፤ መሃሉን ከቆረጥሽው ተፈቶ ያልቃል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ከሆነ ደግሞ ምላጭሽን ይጨርሰዋል። ጥለቱን ሙሉውን በመቀስ ለይተሽ እንደ ጥብጣብ ስፊው፤ ማሽኑ ለሜዳው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (ባለ ጥልፍ፣ ወረኢሉ)፦ እና ይሄ ጥበብ ሊባል ነው? እኛ በመርፌ ሳምንት የምንፈጀውን በደቂቃ ቆርጠው ለጥፈው በጥበብ ዋጋ ሲሸጡ አይቻለሁ።

ሸማ ነጋዴ (ደሴ)፦ እህቴ፣ እኔ ጥበብ ነው ብዬ አልሸጥም። ሁሉም ሰው የጥልፍ ዋጋ አይችልም።

ባለ ጥልፍ (ወረኢሉ)፦ አንቺ አትዪ፣ ቀጥሎ የሚገዛሽ ይላል።

ሌላ (ኮምቦልቻ)፦ የፋብሪካ ጥበብም ወጥቷል እኮ፣ ማን ከለከለ?

መልስ፦ ባለ ጥልፏ ልክ ነች፤ እኔም በዚህ አልደራደርም። ጥበብ ማለት ሸማኔው ሲሸምን ወይም ጠላፊዋ በመርፌ ያስገባችው ነው። ተቆርጦ የተደረበ ድርብ ሥራ ነው፤ ውበት አለው፣ ስሙ ግን ድርብ ነው። ለደንበኛ በግልጽ ይነገር፣ በድርብ ዋጋ ይሸጥ። ይህን ካላደረግን ወሎ ውስጥ መርፌ ይዛ የምትቀመጥ ሴት አናገኝም። ስለዚህ ጉዳይ ሙሉ ቀን ማውራት እችላለሁ፤ ሌሎች ግን እየጠበቁ ነው።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የትኛው ማሽን ነው ጥሩው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ተመልሷል። ጨርቅህን፣ መጠኑን፣ ኢንተርኔትህን ጻፍ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ እህቴ ከውጭ ልትልክልኝ ነው። የእኛን መብራት ይችላል? በመሃል ሲጠፋስ?

መልስ፦ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቻርጀሩ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ካለ ሶኬቱን የሚያስማማ ነገር ብቻ ይበቃል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካሽው ይቃጠላል። በመሃል ሲጠፋ ማሽኑ የደረሰበትን ቦታ ይረሳል፤ ያልተቆረጠውን ከአዲስ ጨርቅ እንደገና መጀመር ነው። ማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ለኮምፒውተር የሚሆን ዩፒኤስ፣ ማለት መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ይይዘዋል። ጨርቅ ላይ በሙቀት የሚያትመውን ማሽን፣ ሂት ፕሬሱን ግን በዚያ ዩፒኤስ እንዳትሞክሪው፤ ከ1000 ዋት በላይ ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ (ከሰቆጣ)፦ እኛ ጋ ኢንተርኔት ይመጣል ይሄዳል። ክሪከት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

መልስ፦ ዲዛይን ስፔስ የሚባለው የክሪከት ፕሮግራም አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ለእናንተ ያስቸግራል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩባንያው በነጻ የሚጠቀሙ ሰዎች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ሥዕል እንዳያስገቡ ሊገድብ አስቦ፣ ተጠቃሚው ሲቆጣ ትቶታል። ማሽኑ የእናንተ ቢሆንም ፕሮግራሙ በሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አስቡበት። የካሜኦ ፕሮግራም፣ ሲሉዌት ስቱዲዮ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነጻው ግን ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ፋይል አይከፍትም፣ ለዚያ ይከፈላል። ብራዘር ስካን ኤን ካት የሚባለው ሌላ ማሽን የራሱ ስካነርና ስክሪን ስላለው ኮምፒውተርም አይፈልግም።

ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦ ይቅርታ እትዬ፣ በጨረር የሚቆርጥ ሌዘር እያለ ስለ ምላጭ ለምን እንጨነቃለን? ምላጭ አይደነዝዝም፣ ማት አይፈልግም።

ማስታወቂያ ሠሪ (ደሴ)፦ እውነቱን ነው። እኔ የማውቀው ልጅ ስቲከሩንም ጨርቁንም በሌዘር ነው የሚቆርጠው።

ልብስ ሰፊ (ሰኞ ገበያ)፦ የተቃጠለ ጨርቅ ማን ይገዛል? ነጭ ቀሚስ ላይ ቡናማ ጠርዝ?

ተማሪ፦ ኃይሉን ዝቅ ካደረግሽው አይጠቁርም።

ማስታወቂያ ሠሪ፦ ደግሞ ቢጠቁር ይታጠባል።

መልስ፦ አቁሙ፤ እዚህ ላይ ጤና አለበት። ሌዘር ፖሊስተር ላይ ጎበዝ ነው፤ ጠርዙን አቅልጦ ስለሚዘጋው አይተረተርም። ጥጥ ግን ይቃጠላል፤ ኃይሉን ስታስተካክሉ ይቀንሳል እንጂ ነጭ ላይ መልክና ሽታ ይተዋል። ሰኞ ገበያ ያለችው ልክ ነች። ስቲከሩን በሌዘር የሚቆርጠውን ልጅ ግን ዛሬውኑ ደውለህ አስቁመው። አብዛኛው ስቲከር ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑን ብረትም ያዝጋል። ማራገቢያ አለን አትበሉኝ። ፒቪሲ በሌዘር አይቆረጥም። ሰው ሠራሽ ቆዳም ብዙው ፒቪሲ ነው፤ እሱም እንደዚያው።

ጥያቄ (ማልያ አታሚ፣ ከሚሴ)፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ማልያ ላይ የአማርኛ ስም ስለጥፍ ፊደሉ ተገልብጦ ወጣብኝ፤ ነጩ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ቀላ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ አብሽር፣ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። በካውያ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ቪኒል፣ የሚቆረጠው አንጸባራቂው ወገን ወደ ታች ሆኖ፣ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ሚረር የሚለውን ሳትነካ አትቁረጥ። የቀላው የማልያው ቀለም ነው፤ ቀይ ፖሊስተር ሲሞቅ ቀለሙ ወደ ነጩ ቪኒል ይወጣል። ቀለም የሚያግድ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለጠፍ ቪኒል ተጠቀም። ለጥጥ 150 ወይም 160 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የተለመደ ነው፤ ለፖሊስተር ግን ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛውን ያዝ፣ ብጣሽ ላይም ሞክር።

ፊደሉን በተመለከተ፦ ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻ ነው፣ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ከጻፍክ በኋላ ወደ መስመር ቀይረው፤ አለበለዚያ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ይሆንብሃል። ወፍራም ፊደል ምረጥ፤ የቀጭኖቹ አንገት ሲላጥ ይበጠሳል። ቀለም ለመርጨት ስቴንስል የምትቆርጡ ደግሞ መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ፣ ፀ ሆዳቸው ዝግ ስለሆነ መሃላቸው ይወድቃል፤ ቀጭን ድልድይ ሥሩላቸው።

ጥያቄ (ከቦረና)፦ የሰርግ መጥሪያ ካርድ ይቆርጣል?

መልስ፦ ይቆርጣል። ወረቀት ግን የእኔ ሙያ አይደለም፤ የካርድ ሠሪዎቹን ጠይቁ። የወረቀቱን ምላጭ ጨርቅ ላይ እንዳታውሉት ብቻ፤ ወረቀት ምላጭ ያደነዝዛል። ለጨርቅ የራሱ ይኑረው፣ ምልክት አድርጉበት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሙጋድ)፦ ማቴ መያዝ አቆመ። ባጥበው ይመለሳል? ሰዎች የሚረጭ ሙጫ ንፊበት ይላሉ።

መልስ፦ ለወረቀትና ለቪኒል የሚሆነውን ለብ ባለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና በስሱ አጥበሽ በራሱ ይድረቅ፤ የተወሰነ ይመለሳል። ሮዙን፣ የጨርቁን ማት፣ አትፈግፍጊው፤ ሙጫው አብሮ ይነሳል። ክሩን በወረንጦ ልቀሚ፣ የቀረውን በፕላስተር አንሺ። በጣትሽም አትንኪው፤ የእጅ ቅባት ነው የሚገድለው። የሚረጨውን እኔም በአሮጌ ማት ላይ አደርገዋለሁ፤ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነሽ፣ ደጅ አውጥተሽ፣ ከማሽኑ ርቀሽ። ጠርዙ ላይ ሙጫ ካረፈ ማሽኑ ማቱን የሚስብበትን ጎማ ይይዘዋል።

ጥያቄ (ቦርሳ ሠሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ቆዳስ?

መልስ፦ የልብስ ስስ ቆዳ በሜከር ይሄዳል። ወፈር ላለው ቢላ የሚመስለው ምላጭ አለ፤ እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ በብዙ ዙር ስለሚቆርጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆዳውን ዙሪያውን በፕላስተር ማቱ ላይ እሰረው። ብጣሽ ላይ ሞክር፤ ቆዳ ውድ ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ እትዬ ተመልሻለሁ። ጨርቅ ነው የምቆርጠው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ጨርቅ» አይበቃኝም። ሳቲን ነው? ጂንስ ነው? አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ ገምቼ ገንዘብሽን አላስጠፋም።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ እትዬ፣ ከሳቲንና ከፌልት የፀጉር ጌጥና የቦርሳ አበባ እሠራለሁ፤ ሰኞ ገበያ አወጣዋለሁ። ትልቁ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ብቻ፤ ኢንተርኔቱም ደካማ ነው። አበባውን በእጄ ነው የምሥለው። ወንድሜ ከጅዳ ሊገዛልኝ ነው።

መልስ፦ ለአንቺ ብራዘር ስካን ኤን ካት፣ ኤስዲኤክስ የሚለውን ዓይነት። አበባሽን ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ሣዪው፣ ማሽኑ ራሱ ስካን አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም አያስፈልግሽም። ምላጩ ውፍረቱን ራሱ ይለካል፣ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚችል ፌልትሽን አይፈራም። ሳቲኑን ግን ሙጫ ሳትለጥፊበት አታስገቢ፤ ከሁሉም ጨርቅ በላይ የሚተረተር እሱ ነው። ሙጫውን ስትለጥፊ በጀርባው በኩል፣ በዝቅተኛ ሙቀት። ወንድምሽ ትርፍ ምላጭ፣ ትርፍ ማትና ለጨርቅ የሚሆነውን ማጣበቂያ ሉህ አብሮ ይግዛ፤ በኋላ ባቲ ላይ ፍለጋ እንዳትገቢ። ከመክፈሉ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፣ ወደ እኔም አስተላልፊው፤ ቮልቱን አይቼ እነግርሻለሁ።